የከተማና የከተማ ዙሪያ የምርጫ ክልል ታሪክ፤ በኢሉባቦር በመቱና በያዮ አገር

መግቢያ

ሕዝብ እንደራሴዎቹን በሚመርጥበት ጊዜ ብዙ ሰው የሚመለከተው የተመራጮቹን ስም ነው። ከስሙ አስቀድሞ የሚመጣውን ነገር፣ ማለት የምርጫው ክልል ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ከተማውና ባላገሩ አብረው ይምረጡ ወይስ በየራሳቸው፣ ለመመረጥስ የሚበቃው ማን እንደ ሆነ የሚመረምረው ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን 3 ነገሮች፣ ማለት ቁጥርን፣ ወሰንንና የመመረጥን መብት፣ በኢሉባቦር ምድር በመቱ ከተማና በዙሪያዋ፣ በተለይም ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በያዮ አገር ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ጽሑፉ በይበልጥ የሚያተኩረው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1974 ድረስ በነበረው አሠራር ላይ ነው። ያ የምርጫ ክልል ዛሬ የለም፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። ይሁን እንጂ አሁን ያለው አከፋፈል ከእርሱ ምን እንደ ወሰደና ምን እንደ ለወጠ ለማወቅ የቀድሞውን ማጥናት ግድ ይሆናል።

ሀ. ስለ ስፍራው

ኢሉባቦር በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ፣ ዝናቡ ብዙ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቡናውም በዱር የሚበቅልበት አገር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው አገሩን ያስተዳድሩ ነበር። ቡናው፣ ሰሙና ቆዳው በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ስለ ነበረ ጎሬ የመንግሥትም የንግድም ከተማ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላም እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ጠላት ያልያዘው መንግሥት መቀመጫ ይህችው ጎሬ ነበረች።

ከነጻነት በኋላ አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፋፍሎ ሲደራጅ ኢሉባቦር ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት ሆነ። መቱ የሶርና ጌባ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አውራጃው ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ወንዞች ነው፤ ሶር በመቱ አጠገብ ያልፋል፣ ጌባ ደግሞ የያዮን ደን አቋርጦ ይወርዳል። ጎሬ እስከ 1970 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ዋና ከተማ ሆና ከቆየች በኋላ መቀመጫው ወደ መቱ ተዛወረ።

ከዚህ የምንረዳው የመቱ ዙሪያ ሕዝብ ከከተማው ጋራ ያለው ግንኙነት የገበያ፣ የፍርድና የግብር ግንኙነት መሆኑን ነው። ቡናውን የሚለቅመው በያዮና በአካባቢው ያለው ባላገር ነው፤ ቡናው የሚመዘንበት፣ አቤቱታው የሚሰማበትና ግብሩ የሚከፈልበት ግን ከተማው ነው። እንግዲህ ሁለቱ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ሲገቡ በእንደራሴው ዘንድ የማን ጉዳይ ይቀድማል የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል።

ለ. ሕዝብ ሳይመርጥ የተቀመጡ እንደራሴዎች

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ወጣ። በዚህ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ እነርሱም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ናቸው። የመወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የመምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ።

በዚህ አሠራር የምርጫ ክልል የሚባል ነገር አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። መራጩ ሹሙ ስለ ሆነ እንደራሴው የሚወክለው ግዛቱን እንጂ በውስጡ ያለውን የሰው ቁጥር አይደለም። ከነጻነት በኋላም ምርጫው ለጊዜው በተዘዋዋሪ፣ በሽማግሌዎችና በባላባቶች በኩል የሚካሄድ ሆኖ ቆየ። የያዮ ገበሬ በመዲናይቱ በሚቀመጠው ምክር ቤት ውስጥ ስለ እርሱ የሚናገር ሰው ቢኖርም እንኳ ያ ሰው በእርሱ ድምፅ የሄደ አልነበረም።

ሐ. የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትና የቁጥሩ ልክ

ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ በወጣው ሕገ መንግሥት ነው። ይህ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲመረጡ ካዘዘ በኋላ ስለ ምርጫው ክልል የሚከተሉትን መሠረታዊ ነገሮች ወሰነ።

1ኛ. የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በሙሉ፣ እያንዳንዱ በተቻለ መጠን 200,000 ሕዝብ በሚኖርበት የምርጫ ክልል እንዲከፈል፤

2ኛ. እያንዳንዱ ክልል 2 እንደራሴዎች እንዲኖሩት፤

3ኛ. የሕዝቡ ቁጥር ከ30,000 በላይ የሆነ ከተማ ለብቻው 1 እንደራሴ፣ ከ30,000 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ 50,000 ሕዝብ ደግሞ 1 ተጨማሪ እንደራሴ እንዲያገኝ።

የምርጫው ሕግ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1956 በአዋጅ ቁጥር 152 ወጣ። የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. በመስከረም ወር ተካሂዶ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በሚኖርበት ክልል የመምረጥ መብት አገኘ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚሁ ምርጫ ለምክር ቤት የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ናቸው። የእንደራሴነቱ ዘመን 4 ዓመት ስለ ነበረ ምርጫው እ.ኤ.አ. በ1961፣ በ1965፣ በ1969 እና በ1973 ተደገመ። የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚቀርበው በራሱ ስም ብቻ ነበር።

አንባቢው እነዚህን ቁጥሮች በጥቂቱ ቢያሰላቸው ትርጉማቸው ይገለጥለታል። በባላገሩ 200,000 ሰው 2 እንደራሴ ካለው ለ100,000 ሰው 1 እንደራሴ ይደርሳል። ሕዝቡ ከ30,000 ጥቂት ከፍ ያለ ከተማ ግን ለብቻው 1 እንደራሴ አለው። በዚህ ስሌት የዚያ ከተማ ነዋሪ ድምፅ ከባላገሩ ድምፅ ከ3 እጥፍ በላይ ይመዝናል ማለት ነው። አዲስ አበባን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 443,728 ነበር፤ ከላይ በተጻፈው ደንብ ይህ ቁጥር 9 እንደራሴዎች ያሰጣል። ይኸው ቁጥር በባላገር ቢሆን ኖሮ የሚያሰጠው ከ4 ብዙ አያልፍም ነበር።

መ. ከ30,000 በታች ያለች ከተማ

መቱ በዚህ ደንብ የት ትወድቅ ነበር? ይህች ከተማ ብዙ ቆይቶ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ እንኳ ከ20,000 በታች ሕዝብ ነበራት። ስለዚህ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. 30,000 ልትሞላ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። ጎሬም፣ በደሌም እንደዚሁ ናቸው። በኢሉባቦር ያሉት ከተሞች ለብቻቸው እንደራሴ ሊኖራቸው ስላልቻለ ከዙሪያቸው ባላገር ጋራ በአንድ ክልል መግባት ነበረባቸው።

በዚህ ጊዜ በኢትዮጵያ 3 ዓይነት መራጭ ነበረ ለማለት ይቻላል፤ ለብቻው የሚመርጥ የትልቅ ከተማ ሰው፣ ከባላገር ጋራ ተደባልቆ የሚመርጥ የትንሽ ከተማ ሰው፣ የባላገር ሰው። የመቱ ሰው ሁለተኛው ነው፤ የያዮ ሰው ሦስተኛው ነው። ሁለቱ በወረቀት ላይ እኩል ድምፅ አላቸው። በተግባር ግን ከተማው መዝገቡ የሚጻፍበት፣ ወሬው አስቀድሞ የሚሰማበት፣ ተወዳዳሪውም ሰው የሚያገኝበት ስፍራ ስለ ሆነ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ኃይሉ ከቁጥሩ በላይ መሆኑ አይቀርም። በተለይ የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በመስከረም ነው። በኢሉባቦር የመስከረም ወር ዝናብ ገና ያልወጣበት፣ ወንዙ የሚሞላበትና የባላገሩ መንገድ የሚጨቀይበት ወር እንደ ሆነ አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

የክልሉ ስፋት ደግሞ ሌላ ነገር ያመጣል። ለ200,000 ሰው የሚበቃ ምድር ባለ ብዙ ደን በሆነ አገር እጅግ ሰፊ ነው። አንድ ወረዳ በእንዲህ ያለ ክልል ውስጥ ከብዙዎች አንዱ ብቻ ይሆናል። ሁለት እንደራሴዎች ከአንድ ክልል መመረጣቸው በአንድ በኩል መልካም ጎን ነበረው፤ ሕዝቡ ከአንዱ ቢያጣ ሌላውን ሊጠይቅ ይችላልና። በሌላ በኩል ግን ሁለቱም ሰዎች ከዋናው ከተማ ወይም ከአንድ ወገን ቢመጡ የቀረው ወረዳ ሁሉ የእኔ የሚለው ሰው አይኖረውም።

ከዚህም ሁሉ ጋራ መዘንጋት የማይገባው አንድ ነገር አለ። 200,000 የሚለው ቁጥር በሕገ መንግሥቱ ቢጻፍም በአገሪቱ በሙሉ የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የተሠራበት የክልል አከፋፈል ሁሉ በግምት ላይ የቆመ ነበር።

ሠ. የመመረጥ መብትና የጭሰኛው ጉዳይ

እስካሁን የተናገርነው ስለ መራጩ ነው። ከዚህ ይልቅ ከባዱ ነገር ግን ስለ ተመራጩ የተደነገገው ነው። በሕጉ መሠረት ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ፣ በክልሉ ውስጥ የሚኖር፣ በዚያም ክልል ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የንብረቱም ልክ የማይንቀሳቀስ ከሆነ 1,000 ብር፣ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 2,000 ብር የሚያወጣ እንዲሆን ተወሰነ።

ይህ ደንብ ገበሬው ርስት በያዘበት አገር ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። በኢሉባቦር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት መሠረት በኢሉባቦር ከገበሬው 73 በመቶው ሙሉ በሙሉ ጭሰኛ ነበር፤ ከፊል ጭሰኞቹ ሲጨመሩ 75 በመቶ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ጥናቱ ከተደረገባቸው ጠቅላይ ግዛቶች ሁሉ የሚበልጥ ነው። በከፋ 62፣ በወለጋ 59፣ በሲዳሞ 39 በመቶ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ እናድርጋቸው። ከ4 ገበሬ 3ቱ የሚያርሰው መሬት የሌላ ሰው ነው። መሬቱ የእርሱ ስላልሆነ በ1,000 ብሩ መንገድ መግባት አይችልም። በ2,000 ብሩ መንገድ ለመግባት ደግሞ ከምርቱ ላይ ለባለመሬቱ የሚሰጠውን ከሰጠ በኋላ የሚተርፈው ከብትና ዕቃ ያን ያህል የሚያወጣ መሆን ነበረበት። ስለዚህ የያዮ ጭሰኛ 21 ዓመት ሲሞላው መራጭ ሆነ እንጂ ተመራጭ ለመሆን አልቻለም። ለውድድር የሚቀርቡት ባለመሬቶች፣ ባላባቶችና ንብረት ያፈሩ ነጋዴዎች ሆኑ። ጭሰኛው የመረጠው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ የመሬት ባለቤት ነበር።

ይህ በአገሩ ሁሉ ያስከተለውን ውጤት ለማየት የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለመወሰን የተዘጋጀውን ረቂቅ ሕግ መመልከት ይበቃል። ረቂቁ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ዓመታት ቢቆጠሩም እስከ 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ሕግ ሆኖ አልወጣም። በምክር ቤቱ የተቀመጡት አብዛኞቹ ሰዎች ባለመሬቶች ሆነው ሳለ የራሳቸውን ጥቅም የሚቀንስ ሕግ በፈቃዳቸው ያጸድቃሉ ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። እንደራሴዎቹ በምርጫ የመጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ምርጫው ከመጀመሩ በፊት የንብረቱ ደንብ አስቀድሞ መርጦአቸው ነበር።

ረ. ከሌሎች አገሮች ጋራ ማነጻጸር

የከተማና የባላገር አከፋፈል ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከጥንት ጀምሮ ባላገሩ በአውራጃ፣ ከተማውም በከተማነቱ እያንዳንዱ 2 እንደራሴ ይልክ ነበር። ይሁን እንጂ የከተማነት መብት አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ስለማይነሣ፣ ኦልድ ሳረም የተባለችው ስፍራ ነዋሪ ሳይቀርባት እስከ 1832 ድረስ 2 እንደራሴዎች ስትልክ ኖራለች። እንደ ማንቸስተር ያሉት አዳዲስ የፋብሪካ ከተሞች ግን ለብቻቸው አንድም አልነበራቸውም። የ1832 ሕግ ይህን አሻሻለ። በ1885 ደግሞ ባለ 2 እንደራሴ የነበሩት አብዛኞቹ ክልሎች ተከፋፍለው ባለ 1 እንደራሴ ሆኑ።

በዚያም አገር ቢሆን ለእንደራሴነት የሚያስፈልገው የንብረት ልክ የቀረው በ1858 ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የሰው ቁጥር እየተለወጠ ወሰን ሳይለወጥ ሲቀር ሚዛኑ ይዛባል። ሁለተኛ፣ ትልቅ ክልል ከሁለት እንደራሴ ጋራ ወደ ትንሽ ክልል ከአንድ እንደራሴ ጋራ መለወጡ በሌላም አገር የታየ መንገድ ነው። በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው።

ሰ. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶችም ተዘጉ። የምርጫው ክልሎች ሥራ በዚሁ አበቃ። በዚያው ዓመት በየካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ጭሰኛውን ከእንደራሴነት ያገደው የንብረት ጥያቄ በምርጫ ሕግ ሳይሆን በመሬት ሕግ ፈረሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመታት ያህል አገር አቀፍ ምክር ቤት አልነበረም። በዚህ ጊዜ ገበሬው የሚመርጠው በገበሬ ማኅበሩ ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ማኅበር የሚቋቋምበት ስፋት ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር ስለ ነበረ፣ የምርጫው ክልል ከአውራጃ ስፋት ወደ ሠፈር ስፋት ወረደ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተካሂዶ 835 አባላት ያሉት ሸንጎ ተቋቋመ፤ ዕጩዎቹ ግን የሚቀርቡት በፓርቲውና በብዙኃን ማኅበራቱ በኩል ነበር። ሸንጎውም በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋራ ፈረሰ።

ሸ. የአሁኑ አከፋፈልና የያዮ ሁኔታ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች እንዲሆን ደነገገ። የምርጫው ክልል ወረዳን መሠረት አድርጎ፣ ለ100,000 ያህል ሕዝብ 1 ተወካይ በሚል ስሌት ተከፈለ። የምክር ቤቱ መቀመጫ 547 ሆነ። መቱና ያዮ በኦሮሚያ ክልል ስለሚገኙ መራጩ በዚሁ ክልሉ ውስጥ ለጨፌ ኦሮሚያም ይመርጣል።

የቀድሞውንና የአሁኑን ብናነጻጽር የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በባላገር ለአንድ እንደራሴ የተመደበው የሰው ቁጥር በሁለቱም ዘመን 100,000 ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም። የተለወጡት ሌሎቹ ሁለቱ ናቸው። ወሰኑ በግማሽ አንሶ ወደ ወረዳው ቀረበ፤ የንብረቱም ደንብ ቀረ። ለያዮ ሰው ትልቁ ለውጥ ከቁጥሩ ሳይሆን ከእነዚህ ከሁለቱ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ የአሁኑም አከፋፈል የራሱ ችግር አለው። በ1987ቱ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ያህል ስለ ነበረ ለአንድ መቀመጫ የሚደርሰው ወደ 98,000 ሰው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝቡ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ለአንድ መቀመጫ የሚደርሰው ወደ 135,000 ከፍ አለ። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በውጤቱና በምርጫ ቦርድ ሐሳብ መሠረት የምርጫውን ክልል ወሰን እንዲወስን ያዛል። ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወዲህ ግን 10ሩ ዓመት ካለፈ ቆይቷል።

ወረዳን መሠረት ማድረግም ወረዳው ራሱ ሲለወጥ ጥያቄ ያስነሣል። ለምሳሌ ሁሩሙ ከቀድሞው ከያዮ ወረዳ ተከፍሎ ራሱን የቻለ ወረዳ ሆኗል። የያዮ ቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሆኖ ያዮን፣ ሁሩሙን፣ ዶረኒን፣ ጮራን፣ ቢሎ ኖጳንና አልጌ ሳቺን፣ በጠቅላላው 6 ወረዳዎችን የሚነካ ሆነ። በያዮ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረውና በተባለለት ጊዜ ሳይፈጸም የቀረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ጉዳይም እንደዚሁ ከአንድ ወረዳ በላይ ያለውን ሕዝብ የሚመለከት ነበር። ደኑና ወንዙ አንድ ሲሆኑ ስለ እነርሱ የሚናገሩት ተወካዮች ግን በየወረዳው የተለያዩ ይሆናሉ። የቀድሞው ሰፊ ክልል ይህን የመሰለውን የጋራ ጉዳይ በአንድ ላይ ለመያዝ ይመች ነበር፤ የአሁኑ ጠባብ ክልል ደግሞ የየወረዳውን ሰው ድምፅ ለይቶ ለማሰማት ይመቻል። ሁለቱንም ጥቅም በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም፤ ስለዚህ ተወካዮቹ ከወሰናቸው ወጥተው አብረው መሥራት አለባቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ታሪክ እንደ ተመለከተው የአንድ የምርጫ ክልል ፍትሐዊነት በአንድ ነገር ብቻ አይለካም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ቁጥሩን ጽፎአል፣ ነገር ግን ቆጠራ አልነበረም። ለሁሉ የመምረጥ መብት ሰጥቷል፣ ነገር ግን ከ4 ገበሬ 3ቱ ጭሰኛ በሆነበት አገር የመመረጥን መብት በንብረት አጥሮታል። ለትልልቅ ከተሞች የራሳቸውን እንደራሴ ሰጥቷል፣ መቱን የመሰሉትን ትንንሽ ከተሞችና የዙሪያቸውን ባላገር ግን በአንድ ሰፊ ክልል ደባልቋል።

ስለዚህ የየአገራችንን የምርጫ ታሪክ ለማጥናት የምንነሣ ተማሪዎች 3 ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ብንጠይቅ ሥራችን ፍሬ ይኖረዋል። ሰው ምን ያህል ነው? ወሰኑ የት ነው? ለመመረጥ የሚችለውስ ማን ነው? ሁለቱ የመጀመሪያ ጥያቄዎች በካርታና በቆጠራ ይመለሳሉ። ሦስተኛው ግን የመሬቱን ይዞታና የሕዝቡን ኑሮ ካላወቁ በቀር አይመለስም። የኢሉባቦር ታሪክ በግልጽ የሚያስተምረውም የመምረጥ መብት ያለ መመረጥ መብት ግማሽ መብት መሆኑን ነው።